በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የትሕትና ጥያቄ አቀራረብ

ለአስመጪዎች፣ ለላኪዎችና ለባለሱቆች የቀረበ
ከአንድ የነጋዴ ቤት ጸሐፊ፣ ተልተሌ

በንግድ ሥራ ከሚጻፉት ደብዳቤዎች የሚበዙት አንድ ነገር የሚጠይቁ ናቸው። ዋጋ ይንገሩን፣ ናሙና ይላኩልን፣ የመጫኛው ቀን ይራዘምልን፣ የጎደለው ዕቃ ይተካልን፣ ሂሳባችን ይከፈለን የማይል የንግድ ደብዳቤ ጥቂት ነው። ነጋዴ ከሚያዝበት ጊዜ የሚለምንበት ጊዜ ይበዛል። ልመናው በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሲሆን አቀራረቡን ከልጅነታችን ጀምሮ በቤታችንና በጎረቤታችን የተማርነው ስለ ሆነ ብዙ አያስቸግረንም። በእንግሊዝኛ ሲሆን ግን ቃላቱን ብናውቅም የትሕትናውን ሥርዓት ባለማወቅ፣ ልመናችን ትእዛዝ መስሎ ከውጭ አገር ደንበኛ ዘንድ የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚሁ ጉዳይ ለክቡራን አንባብያን ጥቂት ማስታወሻ ለማቅረብ የታሰበ ነው።

ተልተሌ በቦረና ምድር ከያቤሎ በስተ ምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርስዋና ከአካባቢዋ የቆላ ከተሞች የሚወጣው ሀብት የቀንድ ከብት፣ ፍየል፣ ግመል፣ ቦሎቄ፣ ሙጫና እጣን ነው። ከሞያሌ ገበያ ገብቶ ስለ አንድ ፍየል ዋጋ ለመከራከር እንግሊዝኛ አያሻም፤ ከድንበሩ ወዲህም ሆነ ወዲያ የቦረናው ኦሮምኛ ገዥና ሻጭን ያግባባል። ነገሩ ወደ ወረቀት ሲዞር ግን መልኩ ይለወጣል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት ኪስዋሂሊንና እንግሊዝኛን የመንግሥት የሥራ ቋንቋ አድርጋለች። የዐረብ አገር ገዥም ቢሆን ከእኛ ጋር የሚጻጻፈው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። የባንክ፣ የመርከብና የመድን ሰነዶችም እንደዚሁ ናቸው።

እንግሊዝኛ ለእኛ እንግዳ ቋንቋ አይደለም። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተም ኖሯል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርትም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ይሁን እንጂ ከትምህርት ቤት ይዘነው የወጣነው ሰዋስውን ነው እንጂ የልመናን አነጋገር አይደለም። ካፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ባሕር የተሻገረ ቃል ደግሞ ከዚያ የባሰ መመለሻ የለውም።

ትሕትናው የት ላይ ተቀምጧል?

በአማርኛ ትሕትና የሚታወቀው በተውላጠ ስሙና በግሡ ነው። አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ የሚሉት ቃላት የተነጋጋሪዎቹን ማዕርግና ቅርበት ወዲያው ያስታውቃሉ። «ላክ» ብሎ ማዘዝና «ይላኩልን» ብሎ መጠየቅ ሰማይና ምድር ነው። በሁለተኛው ውስጥ «እርስዎ» የሚለው አክብሮት በግሡ ውስጥ አለ፤ በመጨረሻው ያለው «ልን» ደግሞ ነገሩ ለእኛ ሲባል የሚደረግ ውለታ መሆኑን ይገልጻል። ኦሮምኛም ለአክብሮት «ኢሲን» የሚለውን የብዙ ቁጥር ተውላጠ ስም ይጠቀማል።

እንግሊዝኛ ግን ለልጅም፣ ለሽማግሌም፣ ለሚኒስትርም፣ ለሎሌም ያለው አንድ ቃል «ዩ» ብቻ ነው። በጥንት ዘመን እንደ እኛ «አንተ» የሚሆን «ዛው» የሚባል ቃል ነበረው፤ «ዩ» የሚለውም ለብዙዎችና ለሚከበር ሰው ይውል ነበር። ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ «ዛው» ከተራው ንግግር እየጠፋ ሄዶ፣ በጸሎትና በአንዳንድ የገጠር አነጋገር ብቻ ቀረ። በተውላጠ ስሙ የሚገለጠው የአክብሮት ልዩነት በዚህ ሁኔታ ስለ ጠፋ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ትሕትናቸውን የሚያሳዩት በሌላ መንገድ ነው። ይኸውም በሦስት ነገር ነው፦

1ኛ/ ትእዛዙን ወደ ጥያቄ በመለወጥ፤
2ኛ/ «ካን» እና «ዊል» በማለት ፈንታ «ኩድ» እና «ውድ» በማለት፤
3ኛ/ «ኢፍ» ማለት «ምናልባት ... ቢሆን» የሚለውን ቃል በማስገባት።

እንግዲህ አንድ ጸሐፊ «ደረሰኙን ይላኩልን» የሚለውን ቃል በቃል ተርጉሞ «ሰንድ አስ ዘ ሪሲት» ብሎ ቢጽፍ፣ «እርስዎ» የሚለው አክብሮትም፣ «ልን» የሚለው ልመናም ሁለቱም በመንገድ ላይ ወድቀው ይቀራሉ። ደንበኛው ዘንድ የሚደርሰው «ደረሰኙን ላክ» የሚል ደረቅ ትእዛዝ ነው። ጸሐፊው ባለጌ ሳይሆን ደብዳቤው ባለጌ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

የነገሩን ምክንያት ፔኔሎፒ ብራውንና ስቲቨን ሌቪንሰን የተባሉ የቋንቋ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ስለ ትሕትና በሚናገር መጽሐፍ አብራርተውታል። ሐሳቡ ባጭሩ ሲገለጽ፣ ማንኛውም ልመና በተለማኙ ላይ ሸክም ይጥላል፤ ትሑት ለማኝ ስለዚህ ሸክሙን ያቃልላል፣ ተለማኙም ሳያፍር እንቢ የሚልበት በር ይከፍትለታል የሚል ነው። «ኩድ ዩ» የሚለው አነጋገር ይህ በር ነው። ሰውዬው የመቻል ኃይል እንዳለው ለመመርመር የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም።

የልመናው ደረጃዎች

አንዱን ጉዳይ፣ ማለት የዋጋ ዝርዝር መጠየቅን፣ በአምስት ደረጃ ብናስቀምጠው ልዩነቱ ይታያል።

1ኛ/ «ሰንድ አስ ዩር ፕራይስ ሊስት።» ይህ ትእዛዝ ነው። ለደንበኛ አይጻፍም።
2ኛ/ «ፕሊዝ ሰንድ አስ ዩር ፕራይስ ሊስት።» ይህ የለሰለሰ ትእዛዝ ነው። ተቀባዩ ሊያደርገው ለሚገባው ተራ ሥራ ይበቃል።
3ኛ/ «ኩድ ዩ ፕሊዝ ሰንድ አስ ዩር ፕራይስ ሊስት?» ይህ ለማንኛውም ደንበኛ የሚስማማ መካከለኛ ልመና ነው።
4ኛ/ «ዊ ውድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ ሰንድ አስ ዩር ፕራይስ ሊስት።» ትርጓሜው «ቢልኩልን ባለውለታዎ እንሆናለን» ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጻፍለት ቤት ወይም ለከበደ ጉዳይ ይሆናል።
5ኛ/ «ዊ ወር ወንደሪንግ ዌዘር ኢት ማይት ቢ ፖሲብል ቱ ሰንድ አስ ዩር ፕራይስ ሊስት።» ይህ «ይቻል ይሆን እያልን ስናስብ ነበር» እንደ ማለት ነው። ለዋጋ ዝርዝር ግን እጅግ በዝቷል።

ከዚህ የምንረዳው ከፍ ያለው ደረጃ ሁልጊዜ የተሻለ አለመሆኑን ነው። ልመናው የሚመዘነው በሚጠየቀው ነገር ክብደት ነው። ተራ የዋጋ ዝርዝር ለመጠየቅ አምስተኛውን ደረጃ የሚጠቀም ሰው፣ ለአንድ ኪሎ ስኳር ሽማግሌ የሚልክ ሰው ይመስላል። በአንጻሩ የ60 ቀን ዱቤ ለመለመን በሁለተኛው ደረጃ መጻፍ ድፍረት ነው። በተራ ሥራ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን፣ ውለታ በሚሆን ነገር አራተኛውን መያዝ የማያሳፍር ልማድ ነው።

ባለሱቆችም በቃል ሲነጋገሩ ይኸው ሥርዓት ይጠቅማቸዋል። «ስጠኝ» የሚለውን «ጊቭ ሚ» ብሎ መተርጐም የተለመደ ነው። ለውጭ አገር ሰው ግን «ሜይ አይ ሃቭ» ማለት፣ ለምሳሌ «ሜይ አይ ሃቭ ዩር ታክስ ነምበር፣ ፕሊዝ?» ብሎ የግብር ከፋይ ቍጥሩን መጠየቅ ይሻላል። እንዲሁም «አይ ዋንት» ከማለት «አይ ውድ ላይክ» ማለት ይመረጣል፤ የመጀመሪያው የሕፃን ልጅ ጩኸት ይመስላል።

መሰናክሎች

የመጀመሪያው መሰናክል «ውድ ዩ ማይንድ» የሚለው አነጋገር ነው። «ማይንድ» ማለት በዚህ ስፍራ «ቅር ይልዎታልን?» ማለት ነው። ስለዚህ «የስ» የሚል መልስ እንቢታ ነው፤ «ኖ» የሚለው ደግሞ እሺታ ነው። በአካባቢያችን አንድ የሙጫ ነጋዴ ከውጭ አገር ገዥ የደረሰውን ደብዳቤና የሰጠውን መልስ ይዞ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። ገዥው ሙጫው በ50 ኪሎ ከረጢት መሆኑ ቀርቶ በ25 ኪሎ ቢታሸግ ሻጩ ቅር ይለው እንደ ሆነ «ውድ ዩ ማይንድ» ብሎ ጠይቋል። ነጋዴው ደስ ብሎት የተስማማ መስሎት «የስ» ብሎ መልሷል። ገዥውም ከረጢቱን መለወጥ እንቢ እንደ ተባለ ቈጥሮ ዕቃውን ከሌላ ቤት ገዛ። አንዲት ቃል ያንን ሽያጭ አስቀረች። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የመጣለት ሰው «የስ» ወይም «ኖ» በማለት ብቻ እንዳይመልስ፤ «ዊ አግሪ» ማለት «ተስማምተናል» ብሎ ሐሳቡን ሙሉ አድርጎ ይጻፍ። እኛም ስንጠይቅ ይህን አነጋገር ብንተወው ይሻላል።

ሁለተኛው መሰናክል የአሉታ ጥያቄ ነው። በአማርኛ «ሰነዱ አልደረሳችሁምን?» ለሚል ጥያቄ «አዎን፣ አልደረሰንም» ብለን እንመልሳለን፤ ትክክልም ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያልደረሰው ሰው መልስ «ኖ» ነው። «የስ» ካለ ደርሶኛል ማለቱ ነው። ባንክ በስልክ ጠይቆ ይህን መልስ ሲያገኝ ምን ያህል ጥፋት ሊመጣ እንደሚችል ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ሦስተኛው መሰናክል ከመሥሪያ ቤት አማርኛ የሚመጣው ነው። «እንዲያደርጉ ይጠየቃሉ» የሚለውን «ዩ አር ሪኳየርድ ቱ» ብሎ የሚተረጕም አለ። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ «ግዴታ አለብዎ» ማለት ነው፤ ለገዥ ደንበኛ አይጻፍም። «ዩ ማስት» እና «ዩ ሃቭ ቱ» የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው።

አራተኛው «ካይንድሊ» የሚለው ቃል ነው። በኬንያና በሌሎችም የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች «ካይንድሊ ሰንድ» ብሎ መጻፍ የዘወትር ትሕትና ነው። ለናይሮቢ ነጋዴ ቢጻፍም ቢነበብም ነውር የለበትም። ለእንግሊዝ ወይም ለአሜሪካ ሰው ግን ያረጀ፣ አንዳንድ ጊዜም የተቈጣ ሰው አነጋገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከሞያሌ ማዶ የሚመጣውን «ካይንድሊ» በቅንነት መቀበል፣ ወደ ሩቅ አገር ስንጽፍ ግን «ፕሊዝ» ማለት ይበጃል።

አምስተኛው የጊዜ ነገር ነው። «አስ ሱን አስ ፖሲብል» ማለት «በተቻለ ፍጥነት» የሚለው ቃል ጥድፊያን እንጂ ቀንን አይናገርም። ቀኑን ጠርቶ «ባይ 20 ሜይ» ብሎ መጻፍ የበለጠ ትሕትና ነው፤ ተቀባዩ ሥራውን እንዲያሰናዳ ያስችለዋልና። ወሩም በስሙ ይጻፍ፤ 5/6 ተብሎ የተጻፈውን እንግሊዛዊው ጁን 5፣ አሜሪካዊው ሜይ 6 ብሎ ያነበዋል። በእኛ አቈጣጠርና በእነርሱ አቈጣጠር መካከል ያለው የዓመትና የወር ልዩነት፣ እንዲሁም የሰዓቱ የ6 ሰዓት ልዩነት አይዘነጋ።

ሰላምታና ጉዳይ

በቦረና ልማድ ሰው ተገናኝቶ ስለ ሰላም፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቱና ስለ ዝናቡ ሳይጠያየቅ ወደ ጉዳዩ አይገባም። ሰላምታውን ያሳጠረ ሰው እንደ ተቈጣ ይቈጠራል። በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ግን ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጉዳዩን ሦስት አንቀጽ ያዘገየ ሰው የአንባቢውን ጊዜ እንደ ወሰደ ይታያል። «ዲር ሰርስ» ከተባለ በኋላ የፊተኛው ደብዳቤ ቍጥርና ቀን ይጠቀሳል፤ ወዲያውም ጉዳዩ ይቀርባል። በእንግሊዞች ሥርዓት «ዲር ሰርስ» ብሎ የጀመረ ደብዳቤ «ዩርስ ፌይዝፉሊ» ብሎ ያበቃል፤ የሰውዬውን ስም ጠርቶ የጀመረ ደግሞ «ዩርስ ሲንሲርሊ» ብሎ ይጨርሳል።

ይህም ሆኖ ከቦረና ልማድ ለእንግሊዝኛውም ደብዳቤ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። «ቡሳ ጎኖፋ» በሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት ከብቱ ያለቀበት ሰው ችግሩን ለጎሳው ጉባኤ ያቀርባል፤ ጎሳውም መክሮ መነሻ የሚሆነውን ከብት ያዋጣለታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ዝናቡ በቀረበት ድርቅ፣ ይህ ሥርዓት ምን ያህል እንዳስፈለገ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል። በዚህ ሥርዓት መለመን ነውር አይደለም፤ ግን ለሚገባው ወገን፣ ምክንያቱ ተነግሮ ነው የሚለመነው። መልካም የንግድ ደብዳቤም ከዚህ አይለይም።

የባንክ መተማመኛ ሰነድ ቀን ማስለወጥ

የአነጋገር ትሕትና ከሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚያድነው ሌተር ኦፍ ክሬዲት በሚባለው የባንክ መተማመኛ ሰነድ ጉዳይ ላይ ነው። መቀመጫው ፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ያወጣውና እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የተባለው ደንብ በ10ኛው አንቀጽ፣ ሰነዱ የሚሻሻለው ሰነዱን የከፈተው ባንክ፣ ያረጋገጠ ሌላ ባንክ ካለም እርሱ፣ እንዲሁም ተጠቃሚው ሻጭ ሲስማሙ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። ባንኩ ደግሞ የሚንቀሳቀሰው ደንበኛው የሆነው ገዥ ሲያዘው ነው። ስለዚህ የመጫኛው ቀን እያለፈበት ያለ ላኪ በእጁ ያለው መሣሪያ ልመናው ብቻ ነው። «ዩ ማስት ኤክስቴንድ» ብሎ ቢጽፍ ገዥውን የሚያስገድድበት ምንም ኃይል የለውም፤ ዋጋው በገበያ ላይ የወረደ እንደ ሆነም ለገዥው የመሸሻ ምክንያት ይሰጠዋል።

እነሆ ለምሳሌ የሚሆን ደብዳቤ፦

«ዲር ሰርስ፣
ዊ ሪፈር ቱ ዩር ሌተር ኦፍ ክሬዲት ነምበር ...።
ሄቪ ሬይንስ ሃቭ ዲሌይድ አወር ትራክስ፣ ኤንድ ዘ ጉድስ ዊል ሪች ጅቡቲ አባውት ቴን ዴይስ ሌት።
ዊ ውድ ቢ ግሬትፉል ኢፍ ዩ ኩድ አስክ ዩር ባንክ ቱ ኤክስቴንድ ዘ ሌተስት ዴት ኦፍ ሺፕመንት ቱ 15 ጁን፣ ኤንድ ዘ ኤክስፓየሪ ዴት ቱ 6 ጁላይ።
ኢፍ ዚስ ኢዝ ኖት ፖሲብል፣ ኩድ ዩ ፕሊዝ ሌት አስ ኖው ባይ 20 ሜይ?
ዩርስ ፌይዝፉሊ»

ትርጓሜው እንደሚከተለው ነው። ከባድ ዝናብ መኪኖቻችንን ስላዘገየብን ዕቃው ከጅቡቲ የሚደርሰው 10 ቀን ያህል ዘግይቶ ነው፤ የመጨረሻው የመጫኛ ቀን እስከ ጁን 15፣ ሰነዱ የሚያበቃበት ቀንም እስከ ጁላይ 6 እንዲራዘም ለባንክዎ ቢያሳስቡልን ባለውለታዎ እንሆናለን፤ የማይቻል ከሆነ እስከ ሜይ 20 ቢያሳውቁን።

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አራት ነገሮችን ልብ ይሏል። ምክንያቱ በአንድ መስመር እውነቱን ተናግሮ አልፏል። ልመናው አራተኛውን ደረጃ ይዟል፤ የሚለመነው ውለታ ነውና። ሁለቱም ቀኖች አብረው ተጠይቀዋል፤ በዚሁ ደንብ 14ኛ አንቀጽ መሠረት የመጫኛ ሰነድ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ ከ21 ቀን ሳይዘገይ፣ ሰነዱም ሳያበቃ መቅረብ ስላለበት፣ የመጫኛውን ቀን ብቻ አስረዝሞ የማብቂያውን መርሳት ድካሙን ከንቱ ሊያደርገው ይችላል። በመጨረሻም ለገዥው እንቢ የሚልበት በር ተከፍቶለታል። እንቢም ቢል ላኪው በጊዜ አውቆ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ልስላሴ የሚጎዳበት ጊዜ

ትሕትና መልካም ነው ሲባል መብትን መተው ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። ዕዳው የደረሰበት ደንበኛ «ይቻል ይሆን እያልን ስናስብ ነበር» የሚል ደብዳቤ ቢደርሰው፣ ካልቻለ ሊተወው የሚችል ጉዳይ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1772 በመርሕ ደረጃ የሚያዘው፣ ባለገንዘቡ ውሉ አልተፈጸመልኝም ከማለቱ በፊት ባለዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቂያ እንዲሰጠው ነው። በቍጥር 1773ም ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ወይም ባለገንዘቡ ውሉ እንዲፈጸምለት መፈለጉን በሚያሳይ በማናቸውም ሌላ ሁኔታ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ፍላጎቱ በግልጽ የማይታይበት ልመና ለማስጠንቀቂያነቱ የሚያጠራጥር ይሆናል።

ስለዚህ የዕዳ ደብዳቤ በደረጃ ይጻፍ። የመጀመሪያው «ኩድ ዩ ፕሊዝ» የሚል ማስታወሻ ይሁን። ሁለተኛው «ዊ ሃቭ ኖት ዬት ሪሲቭድ ዩር ፔይመንት» ብሎ ጉዳዩን ያስታውስ። መልስ ከጠፋ ሦስተኛው «ዊ ማስት ናው አስክ ዩ ቱ ፔይ ዘ ፉል አማውንት ባይ 15 ማርች» ይበል። በዚህኛው ላይ ጥያቄነቱ ቀርቷል፤ መጠኑና ቀኑ ተቈርጧል፤ ስድብና ዛቻ ግን የለበትም። እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ዳኛ ፊት ማቅረብ አያሳፍርም። ውሉ በውጭ አገር ሕግ የሚመራ ከሆነ ግን ሦስተኛውን ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ጠበቃ ማማከር ይገባል።

የስልክ መልእክት

ዛሬ ብዙው ንግድ የሚካሄደው በዋትስአፕና በቴሌግራም ነው። በዚያ ላይ «ዲር ሰርስ» እና «ዩርስ ፌይዝፉሊ» አያስፈልጉም፤ «ኩድ ዩ ፕሊዝ» የሚለው ግን ከስልክም አይቀርም። ቃላቱን በሙሉ በትላልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት መጻፍ እንደ ጩኸት ይቈጠራል። «ኧርጀንት» ማለት «አስቸኳይ» የሚለውን ቃል በየመልእክቱ የሚጽፍ ሰውም፣ በእውነት የሚያስቸኩል ነገር ሲመጣ የሚሰማው አያገኝም።

ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ጸሐፊው ራሱን በተቀባዩ ስፍራ አስቀምጦ አንድ ጊዜ ያንብበው። የተጠየቀው ነገር በግልጽ ተነግሯልን? መቼ እንደሚፈለግ በቀን ተጽፏልን? ተቀባዩ እሺም እንቢም ለማለት የሚችልበት መንገድ አለውን? ሦስቱም ከተሟሉ ደብዳቤው ይታተም፤ ቅጂውም ከመዝገብ ይግባ።